«የቴዎድሮስ ነው» የተባለው ብረት

እኛ ቶርኖ ቤት የማይመጣ ነገር የለም። የባጃጅ አክስል፣ የወፍጮ ዘንግ፣ ባሕር ዳር ስለሆንን ደግሞ የጀልባ ሞተር ዕቃ ይበዛል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ክብ ብረት በፌስታል ይዞ መጣ። ሐይቁ ዳር የቤት መሠረት ሲቆፍሩ ነው ያገኙት።

«ጋሼ፣ የመድፍ ጥይት ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ። ዝገቱን በግራይንደር አንሳልኝ እንጂ ገዢ አለው» አለኝ። ገዢ አለው ያለው ደላላ ከኋላው ቆሟል።

ረዳቴ ግራይንደሩን ሰክቶት ነበር። ንቀለው አልኩት።

የድሮ ክብ የመድፍ ጥይት አንዱ ዓይነት ድፍን ብረት ነው፤ ግድግዳ ያፈርሳል እንጂ አይፈነዳም። ሌላው ግን ውስጡ ባዶ ሆኖ ባሩድ የሚሞላ ነው። የማቀጣጠያው ቀዳዳ በዝገትና በአፈር ተደፍኖ ላይታይ ይችላል። ባሩድ ደግሞ ቆየ ብለው የሚንቁት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ዘመን ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶበት ሞቷል፤ ያ ጥይት ከ140 ዓመት በላይ የቆየ ነው። እና እኔ በማላውቀው ክብ ብረት ላይ ግራይንደር የማስነሳበት ምን ዕዳ አለብኝ?

መጀመሪያ ልኬት። የውፍረት መለኪያውን ካሊፐር በአራት በአምስት አቅጣጫ አዞርኩት፤ ዝገቱን ሳይጨምር 9 ሴንቲ ሜትር። ካሊፐር የሌለው ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለክቶ ለ3.14 ቢያካፍል ያው ነው፤ የኛው ዙሪያ 28 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይመጣ ነበር።

እኔ ስለካ ሰዉ ተሰብስቦ ታሪክ ይጋገራል። አንዱ «ጋፋት የተሠራ ነው፣ ደብረ ታቦር እኮ እዚህ ነው» ይላል። ሌላው ወደ ኋላ ሄዶ ኢማም አህመድን ከወጉት ፖርቱጋሎች ጋር አገናኘው። ቀልድ አይደለም፣ ሁለቱም አካባቢያችንን የነካ ታሪክ ነው። ግን ጋፋት ላይ የተሠራው የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሞርታር፣ ማለትም አፈ ሰፊ አጭር መድፍ ነው፤ ይቺ ኳስ ውስጡ ብትገባ ስትንከባለል ትውል ነበር። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ያወጧቸው የተራራ መድፎችም የሚተኩሱት ሞላላ ጥይት ነው እንጂ ክብ አይደለም።

ደላላው ስልኩን አወጣ። «የእንግሊዝ ባለ 6 ፓውንድ መድፍ ጥይት፣ 89 ሚሊ ሜትር! ይኸው!» እውነቱን ነው፣ ልኩ ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ልጁ ፊቱ በራ። ደላላው ጉሮ ወሸባዬ ሊል ምንም አልቀረው።

ቆይ፣ ሚዛኑስ? የድሮ ጥይት የሚሠራው ከቀለጠ ተራ ብረት ነው፤ እንደ ድስት ብረት ያለው ማለቴ ነው። የሱ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። 9 በ9 በ9 አባዝቶ፣ ኳስ ስለሆነ በ0.52 መትቶ፣ እንደገና በ7.2 መምታት ነው። 2 ኪሎ ከ700 ግራም አካባቢ ይሰጣል። ባለ 6 ፓውንድ ማለትም 2.72 ኪሎ ነው፤ ሒሳቡ ራሱን ይመሰክራል። መሬት ውስጥ የኖረ ከሆነ ደግሞ ዝገት ስለሚበላው መቅለል ነው ያለበት።

ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ትንሽ ግራም ሲቀረው 3 ኪሎ።

ከበደ! ቢቀል፣ ለምሳሌ 2 ኪሎ ቢሆን፣ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ነውና ሁላችንንም ከግቢው አስወጥቼ ፖሊስ ነበር የምጠራው። ከበደ ማለት ግን ድፍን ነው፤ ደግሞም ተራ የቀለጠ ብረት ሳይሆን ስቲል ነው። ስቲል 7.8 ላይ ነው፣ እሱን ስትመታው ልክ 3 ኪሎ ጥግ ይመጣል። ልኩም ቢሆን ድፍን 9 ሴንቲ ሜትር መሆኑ አጠራጥሮኛል፤ የድሮ የእንግሊዝ መድፈኛ በኢንችና በፓውንድ እንጂ በሚሊ ሜትር አይሠራም።

ቀድሞ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሠራው በያጃችን ከምሳ ሲመለስ አንስቶ አየውና ሳቀ። «ይሄማ የወፍጮ ኳስ ነው!» ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ፣ የሚፈጭበት ትልቅ በርሜል አለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ኳሶች ውስጡ እየተንከባለሉ ነው የሚያደቅቁት። ትልልቆቹ 90 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሲያልቁ ቁራሌ ይወስዳቸዋል፣ ከዚያ የትም ይገኛሉ። በነገራችን ላይ የስፖርት አሎሎም እንዲሁ ያሳስታል፤ የአዋቂ ሴቶቹ 4 ኪሎ፣ የአዋቂ ወንዶቹ 7.26 ኪሎ ነው፤ እነዚህን ቁጥሮች ሚዛን ላይ ካያችሁ ስፖርት ሜዳ ፈልጉ።

ልጁ ግን አላመነም። ሥጋ ቤት ወስዶ እንደገና አስመዘነው፣ ያው ሆነ። ቅር ብሎት ለኛው ተወው፤ አሁን ቆርቆሮ ስናቃና ከሥር እንደግፍበታለን። ደላላው ነው ያስቸገረው። ባገኘኝ ቁጥር «ጋሼ፣ በስንት ሸጣችሁት?» ይለኛል።