የሺህ ብር ቅዳልኝ

ባሕር ዳር ማደያ ላይ ነዳጅ በሊትር የሚያዝ ሰው እምብዛም አይሰማም። ባለባጃጁ «የ300»፣ ባለሚኒባሱ «የ2,000»፣ ጀሪካን ይዞ ከጣና ዳር የመጣው ጀልባ ነጂ ደግሞ «የሺህ ቅዳልኝ» ይላል። ሊትሩን ከ10 ብር በታች የቀዱ ነባር ሾፌሮች መንገድን የሚለኩት እስካሁን በብር ነው። «ያኔ በመቶ ብር ደርሰን እንመለስ ነበር» ሲሉ ከዋጋው ጋር ርቀቱንም አብረው እያስታወሱ ነው። ዋጋው ሲለወጥ ግን ይህ በልብ የተያዘ ስሌት አብሮ አይለወጥም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

መስከረም 2015 ላይ የቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ ከ47.83 ወደ 57.05 ብር ከፍ አለ። ባሕር ዳር ላይ የማጓጓዣ ሂሳብ ስለሚታከልበት ትንሽ ይበልጣል፤ ለስሌቱ ግን የአዲስ አበባው ይበቃል። ጭማሪው በተነገረ ሰሞን አንድ ጀልባ ነጂ እንደ ልማዱ የሺህ ብር ቤንዚን ቀድቶ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ የመጡ መንገደኞችን ይዞ ገዳሙ ወደሚገኝበት ወደ ዘጌ ተነሣ። በፊተኛው ዋጋ ሺህ ብር 20.9 ሊትር ይገዛ ነበር። በአዲሱ 17.5 ብቻ ሆነ። ጀሪካኑ ያው፣ የከፈለው ብር ያው፣ ልዩነቱ 3.4 ሊትር።

25 የፈረስ ጉልበት ያለው የጀልባ ሞተር በመካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 8 ሊትር ገደማ ይበላል። ዘጌ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ውኃው ከተኛ 16 ሊትር ይወስዳል። ጣና ግን ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚነሣበት ሐይቅ ነው። ጀልባዋ ስትመለስ ማዕበሉ ፊት ለፊት ገጠማትና ሞተሩ ያንኑ መንገድ ረዘም ባለ ጊዜ፣ በበለጠ ነዳጅ መግፋት ነበረበት። ከተማው እየታየ ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ጠፋ።

ሞተሯ የጠፋ ጀልባ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች፤ የምትገለበጠውም እንዲህ ስትሆን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መልሕቁን ከፊት በኩል መጣል ነው። መልሕቁ መሬት ባይነካ እንኳ ውኃ ውስጥ እየጎተተ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ለመመለስ ይረዳል። ቀጥሎ የሕይወት ጃኬት ማልበስ፣ መንገደኛው ከመሀል ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ። ነጂው ይህን ሁሉ በደንብ አድርጓል።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጀልባ ደርሶ 3 ሊትር ቤንዚን ሰጠው። ጀሪካኑን ተቀብሎ ወደ ሰልባትዮው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የነዳጅ ጋን፣ ሊገለብጥ ሲል የደረሰለት ነጂ እጁን ያዘው። «ቆይ ወንድምዓለም፣ የእኔ ሞተር እኮ ፎር ስትሮክ ነው፤ ቤንዚኑ ዘይት የለበትም!» የቆመው ሞተር ቱ ስትሮክ ነበር። ቱ ስትሮክ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ብቻ ስለሆነ፣ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ከጠጣ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ያኔ ችግሩ በነዳጅ አያልቅም፤ ሞተር ማውረድ ይመጣል።

መጠኑ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ከሆነ ለ3 ሊትር 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መለኪያ ከሌለ ግማሽ ሊትር የምትይዝ ሃይላንድ ላይ ከአሥር አንዱን ትንሽ ያለፈ መሆኑ ነው። ዘይቱ መጀመሪያ ከጥቂት ቤንዚን ጋር ተናውጦ ነው ወደ ቀሪው የሚገባው፤ ብቻውን ከተጨመረ ታች ይዘቅጣል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ከጀልባዋ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ በሚቀዳበት ጊዜ ሲጋራ የለም፣ የኤሌክትሪክ ቁልፍ አይነካም፤ ከተቀዳም በኋላ ነፋሱ ተኑን እስኪጠርገው ይጠበቃል። ከዚያ የሰልባትዮው ክዳን የአየር መተንፈሻ መከፈቱን አይቶ፣ በቱቦው መሀል ያለችውን የጎማ ኳስ እስክትጠነክር መጭመቅ ነው። ደርቆ የቆመ ሞተር ቱቦው በአየር ስለሚሞላ ሳይጨመቅ ገመዱን ቢጎትቱት አይነሣም። ወደብ ሲደረስ ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ይፈታ፤ የመጨረሻዋ ነዳጅ ከሰልባትዮው ታች ውኃና ዝቃጭ ይዛ ትመጣለችና።

በብር መቅዳት ዘይቱንም ያዛባል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ነጂው ጠዋት ላይ ዘይት የጨመረው ለ20 ሊትር በለመደው ልክ፣ 400 ሚሊ ሊትር ነበር። ለ17.5 ሊትር የሚበቃው 350 ነው። የአንድ ቀን ትርፍ ዘይት ሞተር አይገድልም፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ሞተሩ ያጨሳል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላም ይጠቁራል።

እውነቱን ለመናገር በ47.83 ጊዜም ቢሆን 20.9 ሊትር ለዚህ መንገድ አይበቃም ነበር፤ ነፋሱ ስላልከፋ እንጂ። ደህናው ልክ ለመሄጃ አንድ እጅ፣ ለመመለሻ አንድ እጅ፣ ለመጠባበቂያ አንድ እጅ ነው። መሄጃው 8 ከሆነ ጠቅላላው 24 ሊትር መሆኑ ነው። ሐይቅ ላይ ማደያ የለም፤ ሦስተኛው እጅ ቅንጦት የሚመስለው ሰው መንገደኛ ባይጭን ይሻላል።

ለልኩ አንድ ንጹሕ የእንጨት ዘንግ ይበቃል። ባዶ ሰልባትዮ ደልዳላ መሬት ላይ አስቀምጦ 2 ሊትር በገባ ቁጥር ዘንጉን እየነከሩ እርጥቡ የደረሰበትን በቢላ ምልክት ማድረግ ነው። ቀለም አይሆንም፣ ቤንዚን ያጥበዋል። ሰልባትዮውም ሆነ ጀሪካኑ እስከ አፉ አይሞላ። ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ በመቶ ያህል ስለሚያብጥ፣ በጠዋት ብርድ ጢም ብሎ የተቀዳ 20 ሊትር ፀሐይ ላይ ሲውል መውጫ ይፈልጋል። ይህን ይዘው «ጠዋት የቀዳ ይተርፈዋል» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። የማደያው ጋን መሬት ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ በጠዋትና በቀትር ብዙም አይለያይም፤ ለዚያ ብሎ መሰለፍ አያዋጣም።

ከተጓዥ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩም መነሻው ሊትር ቢሆን ጭቅጭቁ ይቀንሳል። የዘጌው 24 ሊትር በ57.05 ሒሳብ 1,369 ብር ነበር። በ2017 ሊትሩ 101.47 ሲገባ ያው 24 ሊትር 2,435 ብር ሆነ። ደንበኛው «ዓምና በዚህ ዋጋ ሄደን የለም ወይ?» ሲል ስለ ዓምናው ከመሟገት የሊትሩን ቁጥርና የዕለቱን የማደያ ዋጋ አባዝቶ ማሳየት ይቀላል። የየመንገዱ ሊትር በጀልባዋ ውስጠኛ ጎን ላይ ቢጻፍ ደግሞ ተተክቶ የሚነዳውም ሰው አይሳሳትም።