አዳትና ላፕቶፕ፦ አንዴ ጽፌው ልገላገል

«አሮጌ አዳት አለኝ፣ ልሽጠው ወይስ ላሠራው?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣብኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። አጭሩ መልስ፦ አትሽጡት፣ ግን ብዙ ብርም አታፍስሱበት። ካሴቶቹን አንድ ጊዜ በደንብ ለማጫወት የሚበቃ ወጪ አውጡ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የላፕቶፑ ነው።

ለማያውቀው፣ አዳት አሌሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 አስተዋውቆ በቀጣዩ ዓመት ገበያ ያወጣው ባለ 8 ትራክ (ስምንት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ) ዲጂታል መቅጃ ነው። የሚቀዳው በኤስ-ቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት ላይ ነው። ስለዚህ ካርቶን ውስጥ የተረሳ የስቱዲዮ ካሴት የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል፤ ዴክ ውስጥ ብትከቱት ግን ሙሽራም ሚዜም የለም። የሁለት ሰዓቱ ካሴት አዳት ላይ የሚይዘው 40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፣ ማሽኑ ቴፑን ከዴክ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ስለሚያስሮጠው።

አሻሽለዋለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው አዲስ ሄድ (ቴፑን የምታነበውን ክፍል) መግዛት ነው። ተዉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቆሻሻና የደረቀ ጎማ ነው። የውስጡ ሜካኒክ የዴክ ዘር ስለሆነ ድሮ ዴክ ሲጠግን የኖረ ሠራተኛ ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። አጸዳዱ ላይ ግን አጠገቡ ቁሙ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይዞ ከመጣ እጁን ያዙት! ጥጡ ክር ይተዋል፣ ሄዷ ደግሞ በጣም ትንሽ ናት፣ ክሩ ከያዛት ትሰበራለች። ለስላሳ የቆዳ ጨርቅ በንጹሕ አልኮል አርሶ፣ ጨርቁን ሳያንቀሳቅሱ ሄዶቹ ባሉበት በሚሽከረከረው ሲሊንደር ጎን አስደግፎ፣ ሲሊንደሩን ራሱን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት በፍጹም አይሆንም። ማሽኑ ከሶኬት መነቀል እንዳለበት መናገር ያስፈልጋል? ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ከአዳት ጀርባ ያለችው ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ላይትፓይፕ ትባላለች። ስምንቱንም ትራክ በአንዲት ቀጭን ኬብል በብርሃን ታወጣለች። ኬብሏ ለቴሌቪዥንና ለሳውንድባር የሚሸጠው ያው ኦፕቲካል ኬብል ነው። ቴፑ ጊዜው አልፎበታል፣ ይህች ቀዳዳ ግን ዛሬም አለች፤ ድምፅ ወደ ላፕቶፕ በሚያስገቡት ኢንተርፌሶች ላይ፣ ለምሳሌ ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20 ላይም፣ ብዙዎቹ የአርኤምኢ ኢንተርፌሶች ላይም ታገኟታላችሁ። ስትገዙ ተጠንቀቁ። መሰኪያው አንድ ዓይነት ሆኖ «ኦፕቲካል» ብቻ የተጻፈበት ኢንተርፌስ ኤስፒዲፍ የሚባለውን ሌላ የዲጂታል ድምፅ አላላክ ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከሁለት ቻናል በላይ አይቀበልም። አዳት እንደሚቀበል በግልጽ የተጻፈበትን ፈልጉ።

አገናኝታችሁ ድምፁ ጠቅ ጠቅ ካለ አትደንግጡ፣ ኬብሉንም አትወንጅሉ። ሁለቱ መሣሪያዎች በየራሳቸው ሰዓት እየሄዱ ነው። የኢንተርፌሱን ሶፍትዌር ክፈቱና ክሎኩን (የሰዓቱን ምንጭ) ከኢንተርናል (ከራሱ) ወደ አዳት ቀይሩት። አለቃው ቴፑ ነው፣ ላፕቶፑ ይከተላል።

የካሴቱንም ወረቀት አንብቡ። የመጀመሪያው ጥቁር አዳት በተፈጥሮው የሚሠራው በ48 ኪሎኸርዝ (ድምፁን በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ እየለካ) ነው። 44.1 የፈለገ ባለሙያ ፒቹን (ፍጥነቱንና የድምፁን ከፍታ) 147 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቀዳው። ይህን ሳታውቁ በ48 ካጫወታችሁት ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ድምፃዊውም ሳይወድ በግድ ወጣት ይሆናል።

በሁለት ማሽን የተቀዳ 16 ትራክ ሥራ ይዞ አንድ ማሽን ብቻ የቀረው ሰውም አይጨነቅ። ድሮ ሁለቱ ማሽኖች እኩል በሚያስሄዳቸው የሲንክ ገመድ ተያይዘው ከተቀዱ፣ ካሴቶቹን በየተራ በላይትፓይፕ አስገቡና ላፕቶፑ ላይ መነሻቸውን አጋጥሙ። ከዚያ በኋላ አንዱ ከሌላው አይንሸራተትም። በአናሎግ ገመድ ብታስገቡት ኖሮ ግን እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ድረስ ከበሮና ቤዝ ሊለያዩ ይችሉ ነበር። ለዚህ ነው ኦፕቲካል ኦፕቲካል እያልኩ የማደርቃችሁ። በኋላ የመጡት ባለ 20 ቢት (ቢት ሲበዛ ድምፁ የሚለካበት ጥራት ይጨምራል) ማሽኖች የቀዱት ካሴት ደግሞ በድሮዎቹ ባለ 16 ቢት ላይ አይከፈትም፣ የድሮውን ግን አዲሶቹ ያጫውታሉ።

ካሴቱ ሁሉ ፋይል ከሆነ በኋላስ? ሜካኒኩ ቢሞትም ሌላው አካሉ ደህና ከሆነ፣ ማሽኑ ያለ ካሴት ስምንት መስመር አናሎግ ተቀብሎ ዲጂታል አድርጎ በላይትፓይፕ ይሰጣችኋል። ማይክ በቀጥታ አትሰኩበት፣ ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ክፍል) የለውም፤ ከፊቱ ሚክሰር ይፈልጋል። 16 ቢት ስለሆነ ድምፁን ደፈር አድርጋችሁ ስጡት፣ የመለኪያውን ቀይ መብራት ግን አታስነኩት። የኔው ማሽን ካሴት ማጫወት ካቆመ ቆይቷል። ልምምድ ሲኖረን ግን ከበሮውንም፣ ማሲንቆውንም፣ ኪቦርዱንም ለየብቻ ትራክ አድርጎ ላፕቶፑ ውስጥ ያስገባልናል።