ከካፒሌይራ ቁልቁል፦ የፖኬይራ ሸለቆ ሦስት መንደሮች

በደቡብ ስፔን ካለችው የግራናዳ ከተማ መናኸሪያ የተነሳው አውቶቡስ ላንሃሮንንና ኦርሂቫን አልፎ ሽቅብ መጠማዘዝ ሲጀምር በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ገደሉን ቁልቁል ያያል። መኪና የሚያጥወለውለው ካለ ከኦርሂቫ በፊት መድኃኒቱን ይዋጥ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀጥ የሚልበት ቦታ የለም። ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሞላ ፓምፓኔይራ ይደረሳል፤ ብዙው ጎብኚም እዚያው ወርዶ ከዚያ ሽቅብ ሲያለከልክ ይውላል። እኔ የምመርጠው እስከ ካፒሌይራ ቀጥሎ በእግር ቁልቁል መመለስን ነው። ካፒሌይራ ከባሕር ወለል በላይ 1,430 ሜትር ገደማ፣ ቡቢዮን 1,300፣ ፓምፓኔይራ ደግሞ 1,060 ያህል ላይ ናቸው።

ከላይ መጀመር የሚያዋጣው ስለ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ መንደሮቹን ከሌላው ቦታ የሚለያቸው ጣሪያቸው ነው፤ እሱም ደህና የሚታየው ከላይ ነው። ጣሪያው እንደ ትግራይ ህድሞ ጠፍጣፋ ነው። መጀመሪያ ካስታኞ ከሚባለው ዛፍ የተጠረበ ወራጅ ይጋደማል፤ በላዩ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በመጨረሻ ላውና የሚሉት ግራጫ ሸክላ አፈር ይደለደላል። ላውና ውሃ ሲነካው ስለሚጠብቅ ዝናብ አያሳልፍም። ጠርዙ ላይ ድንጋዩ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ውሃውን ያርቃል፤ ነፋስ እንዳያነሳውም ሌላ ከባድ ድንጋይ ይጫንበታል። ጣጣው ጥገናው ላይ ነው፦ አረም ከበቀለበት ሥሩ አፈሩን ይሰነጥቀዋል፤ በየጊዜው ካልተነቀለና አዲስ ላውና ካልተጨመረ ቤቱ ያፈሳል። ሲሚንቶ የለሰኑበትም አሉ፤ ግን እንጨቱ ሲሞቅና ሲበርድ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ያኔ ውሃው የት እንደገባ መፈለግ ነው።

በጠባቦቹ መንገዶች ላይ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተሻገረ ክፍል ታያላችሁ፤ ቲናኦ ይባላል፤ ከሥሩ የሚያልፈውን ከበረዶና ከፀሐይ ይከልላል። የአሠራሩ ዘመዶች በሞሮኮ ተራሮች ያሉት የበርበር ቤቶች ናቸው። የሙስሊሞች መንግሥት የነበረችው ግራናዳ በ1492 እ.ኤ.አ. በካቶሊክ ነገሥታቱ በፈርዲናንድና በኢዛቤላ እጅ ስትወድቅ ሙስሊሞቹ በእነዚህ ተራሮች ቀርተው ነበር። በኋላ በግዳጅ የተጠመቁት ሞሪስኮዎች በ1568 አመፁ፤ አመፁ ከከሸፈ በኋላ ተባረሩና ከሰሜን ስፔን የመጡ ሰፋሪዎች ቤታቸውን ወረሱ። ቤቱን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ወረሱ።

አሴኪያ የሚባሉትን የመስኖ ቦዮች ስትሻገሩ ቆም በሉ። በጋው ዝናብ የለሽ ነው፤ ከሸለቆው በላይ ያሉት የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ደግሞ በጸደይ ባንዴ ይቀልጣል። ስለዚህ ውሃውን ከላይ በቦይ ወስደው ልል በሆነ መሬት ላይ ይለቁታል፤ እሱም ሰርጎ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ቦዩ በየዓመቱ ካልተጠረገ ይደፈናል። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ ብዙዎቹ ቦዮች የደረቁት በዚህ ነው።

ከካፒሌይራ ቡቢዮን፣ ከቡቢዮን ፓምፓኔይራ በእግር ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ድንጋዩ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ ሶሉ ለስላሳ ጫማ አይሆንም። ምንጣፍ የሚሸጡትን ሱቆች ለመጨረሻ አቆዩ፤ ሸክሙን ይዞ መውረድ ምን ያደርጋል! የመመለሻ አውቶቡሶች በቀን ጥቂት ስለሆኑ ሰዓቱን ጠዋት ሳትሳፈሩ ጠይቁ።

ምሳ ከስምንት ሰዓት በፊት አይታሰብም፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ብዙው ወጥ ቤት ይዘጋል። የአካባቢው ታዋቂ ሳህን በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው፦ ቋሊማ፣ የደም ቋሊማ፣ የደረቀ ጭን። ለማይበላ ወይም ለጾመኛ የሚሆነው ፓፓስ አ ሎ ፖብሬ ነው፤ ድንችና ቃሪያ በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ። «ሥጋ የሌለበት» ብላችሁ ብቻ አትዘዙ፤ የደረቀውን ጭን እንደ ማጣፈጫ ስለሚቆጥሩት ከላይ ነስንሰውበት ሊመጣ ይችላል። «ሲን ሃሞን፣ ሲን ዌቮ» በሉ፦ ያለ አሳማ ጭን፣ ያለ እንቁላል።