ስክሪኑ የሚሸልመው አንጎልን ነው ወይስ መንጋጋን?

ኒውሮፊድባክ ሐሳቡ ቀላል ነው። ራስ ቆዳ ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ይለካል፤ ሶፍትዌሩ የተፈለገውን ሞገድ ነጥሎ ያወጣል፤ ሞገዱ ከፍ ሲል ድምፅ ይሰማል ወይም የተጋረደው ቪዲዮ ይደምቃል። ሰልጣኙ ያን ሁኔታ መደጋገም ይለምዳል። ጣጣው፣ ጥርስ መንከስም ድምፁን ሊያስጮኸው መቻሉ ነው።

ሥራው ከፀጉር ይጀምራል። ቅቤ ወይም ቅባት ያለበት ራስ በዋዜማው በሳሙና ይታጠብ። ሹሩባ ችግር የለውም፤ በመስመሮቹ መሃል ቆዳው ስለሚታይ እንዲያውም ይመቻል። ዊግ ግን መውለቅ አለበት።

ከ12 እስከ 15 ሄርዝ ያለውን ሞገድ ለማሰልጠን የተለመደው ቦታ አናት ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር ከአፍንጫ መነሻ ጎድጓዳ እስከ ከማጅራት በላይ ያለችው የአጥንት ጉብታ ይለካል፤ 36 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 18 ላይ ምልክት ይደረጋል። ከጆሮ እስከ ጆሮም እንዲሁ ተለክቶ ይገመሳል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ሲዜድ (Cz) ይባላል፤ አንዱ ኤሌክትሮድ እዚያ ይለጠፋል። ሁለቱ ቀሪ ኤሌክትሮዶች ጉትቻ በሚንጠለጠልበት የጆሮ ጫፍ ላይ፣ አንድ በቀኝ አንድ በግራ ይያዛሉ። ቆዳውን በአሸዋማ ጄል ፈተግ አድርጎ፣ ሽምብራ የምታህል ፔስት ጨምሮ መለጠፍ ነው። ኢምፔዳንሱ (ኤሌክትሪኩ በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል የሚገጥመው እንቅፋት) ከ5 ኪሎ ኦም በታች ካልወረደ እንደገና ይፈተጋል፤ ፔስት መከመር አያወርደውም።

ቀጥሎ የመብራት ጉዳይ አለ። የኛ መስመር 50 ሄርዝ ሲሆን ለአሜሪካ የተዘጋጀ ሶፍትዌር የመብራቱን ረብሻ የሚያስወግደው ማጣሪያው 60 ላይ ሆኖ ይመጣል፤ ቀይሩት። ፒያሳ አካባቢ ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ኧርዝ የሌለው ሶኬት ብርቅ ስላልሆነ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራት ይሻላል። የብሉቱዝ ስፒከርም ድምፁን ስለሚያዘገይ ሽልማቱ ከሞገዱ ጋር አይገጥምም። ባለገመድ ይሁን።

ከመጀመራችሁ በፊት ሰልጣኙን ጥርስ ንከስ፣ ዓይንህን አርገብግብ በሉትና ጥሬውን ሞገድ ተመልከቱ። መንጋጋ ሲጠብቅ መስመሩ ወፍሮ እንደ ጭገር ይቆማል። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ከ20 ሄርዝ በላይ ይበረታል፤ ግን ወደ ታችም ይፈስሳል። ስለዚህ ከ22 እስከ 36 ሄርዝ ባለው ላይ ገደብ ይደረጋል፦ እሱ ሲያልፍ ሽልማቱ ይቆማል።

ዓይን ተከፍቶ ለ3 ደቂቃ መነሻው ይለካና፣ የሽልማቱ ወለል (ሞገዱ ሲያልፈው ሽልማት የሚሰጥበት መጠን) ከጊዜው 60 እስከ 70 በመቶ እንዲሸለም ሆኖ ይቀመጣል። ሶፍትዌሩ ወለሉን በራሱ እንዲያስተካክል መተው ግን አይመከርም፤ ሰውየው ደክሞት ሞገዱ ሲወርድ ወለሉም አብሮ ይወርድና ድካሙ ይሸለማል። ልምምዱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እየተቆራረጠ ይሠራል። «በርታ፣ ታገል!» ማለት ግንባር ከማስቋጠር በቀር አይፈይድም። ቡና የሚጠጣ ሰው ሁልጊዜ ጠጥቶ ይምጣ ወይም ሁልጊዜ ሳይጠጣ፤ ካፌይን አልፋ የሚባለውን የአንጎል ሞገድ ስለሚቀንስ የዛሬውን ከትናንቱ ማወዳደር ያስቸግራል።

ትኩረት ለሚያጥረው ልጅ ብለው ለሚጠይቁ ወላጆች፦ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። እውነተኛውን ኒውሮፊድባክ ያገኙትም ለማወዳደሪያ የውሸቱን ያገኙትም ተሻሽለዋል፤ በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የልጁ መድኃኒት ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይቋረጥ። ልክፈል የሚል ወላጅም ጥሬው ሞገድ ይታየኝ ይበል፤ ባለሙያው ጨዋታውን ብቻ ካሳየው ገንዘቡን ኪሱ ይመልስ።