አምቡሊ፦ ጄትም መንገደኛም በአንድ ማኮብኮቢያ

ከቦሌ ተነስቶ ጅቡቲ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። አምቡሊ በሚባለው የጅቡቲ ኤርፖርት ጎማው መሬት ሲነካ በመስኮት የሚታየው ግን የለመድነው ዓይነት ኤርፖርት አይደለም። ግራጫው የጦር ጭነት አውሮፕላን ሲ-130፣ አራት ፕሮፔለር ያለው የጃፓን ባሕር ቃኚ ፒ-3ሲ፣ የፈረንሳይ ተዋጊ ጄት ሚራዥ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የኛው የመንገደኛ አውሮፕላን ኪው400። ሁሉም የሚነሱትና የሚያርፉት 3,100 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ነው። ሁለተኛ የለም።

ስለ ጅቡቲ የጦር ሰፈሮች ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ፖለቲካው ይሄዳል፤ ማን ስንት ኪራይ ይከፍላል፣ ማን ማንን ይሰልላል። እዚህ የምንጽፈው ስለ ሥራው ነው። ይህን ሁሉ አውሮፕላን በአንድ መስመር ላይ ማስተናገድ ምን ይጠይቃል፣ ሲበላሽስ የሚበላሸው ለምንድን ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎረቤቶቹን በአጭሩ እናስተዋውቅ። ከማኮብኮቢያው በስተደቡብ ያለው ካምፕ ለሞኒዬ ቀድሞ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ሰፈር ነበር፤ አሜሪካኖች ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ ገቡበት፣ ዛሬ 4,000 ገደማ ሰው ይኖርበታል፣ የሚያስተዳድረውም የባሕር ኃይላቸው ነው። ፈረንሳዮች ቤዝ 188 የሚሉት የአየር ኃይል ሰፈር እዚያው አላቸው። ጃፓን በ2011 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያዋ የሆነውን የውጭ አገር ሰፈር ከኤርፖርቱ አጠገብ ከፈተች፤ ሥራው በኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕር ወንበዴ መቃኘት ነው። ጣሊያንም አለች። በዚህ ላይ የጅቡቲ የራሷ አየር ኃይል አለ፤ ቤቱ የሷ ስለሆነ።

ሰው ሲያስበው አደጋው ከመሣሪያው የሚመጣ ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚያስቸግረው ግን የፍጥነት ልዩነት ነው። 737 የመንገደኛ ጄት ለማረፍ ሲመጣ 140 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ገደማ ይዞ ነው። እስከ 2013 እዚያ የነበረው ፕሬዳተር የሚባለው የአሜሪካኖቹ ድሮን 75 ኖት ቢይዝ ነው። ሁለቱም ከማኮብኮቢያው 10 የባሕር ማይል ርቀት ላይ ቢሆኑ 737ቱ በአራት ደቂቃ ከሩብ ይደርሳል፣ ድሮኑ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ድሮኑ ከፊት ከሆነ፣ ከኋላው ያለው መንገደኛ ዓባይ በረሃ ላይ ባጃጅ ፊቱ የገባበት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አውቶቡሱ ፍሬን ይይዛል፣ አውሮፕላን ግን ከተወሰነ ፍጥነት በታች ከወረደ ክንፉ አይሸከመውም። ስለዚህ አየር ላይ እየዞረ ይጠብቃል፣ ነዳጅም ያቃጥላል።

ተዋጊ ጄት ደግሞ በተቃራኒው ነው። እንደ መንገደኛ ከሩቅ ቀጥ ብሎ መምጣት አይወድም። በ300 ኖት፣ 1,500 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ፣ ማኮብኮቢያውን ተከትሎ ይመጣና በአናቱ ላይ ክንፉን አቁሞ ይታጠፋል። መታጠፉ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስለታል፤ ጎማ ያወርዳል፣ ዞሮ ያርፋል። ለወታደሩ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ አራት ጄት ተከታትሎ በአጭር ጊዜ ያርፋል፣ ዝቅ ብሎና ቀስ ብሎ የሚበርበትም ጊዜ ያጥራል። ነገር ግን በዚያው ደቂቃ አንድ መንገደኛ አምስት ማይል ላይ ቀጥ ብሎ እየመጣ ከሆነ የሁለቱ መንገድ የሚገናኘው ማኮብኮቢያው ደፍ ላይ ነው። ታወር (መቆጣጠሪያ ማማ) ላይ ሆኖ በረራውን የሚመራው ተቆጣጣሪ ማን ይቀድማል የሚለውን መጨረስ ያለበት ጄቶቹ ከመታጠፋቸው በፊት ነው። ከታጠፉ በኋላ የሚሰጠው ትእዛዝ መለማመጥ ነው።

ከፍጥነቱ የባሰው ግን የጆሮ ነገር ነው። የሲቪል በረራ ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርትዝ ባለው ቪኤችኤፍ ይሠራል። ወታደሩ በአብዛኛው የሚጠቀመው ከ225 እስከ 400 ያለውን ዩኤችኤፍ ነው። ታወር ላይ ያለው ሰው ሁለቱንም ይሰማል፣ በሁለቱም ይናገራል። ፓይለቶቹ ግን አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልምድ ያለው ፓይለት በሬዲዮ የሚሰማው የራሱን ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ማን የት እንዳለ፣ ማን ሊገባ እንደሆነ ከሌሎቹ ንግግር ያወጣል። ተቆጣጣሪው ተሳስቶ ሁለት ሰው ላይ ፈቃድ ቢሰጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነቃው ሌላኛው ፓይለት ነው። ያ ጆሮ ሲዘጋ አንድ ትልቅ መከላከያ ጠፋ ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በዋሽንግተን ታይቷል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ማታ ሬገን ኤርፖርት ሊያርፍ የነበረ የመንገደኞች ጄት ከጦር ሠራዊቱ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰው ሞተ። ጄቱና ሄሊኮፕተሩ ከአንድ ተቆጣጣሪ ጋር በተለያየ ሞገድ ነበር የሚነጋገሩት። ተቆጣጣሪው ከጄቱ ኋላ እለፍ ብሎ ሲናገር፣ በዚያው ቅጽበት የሄሊኮፕተሩ ማይክ ተጭኖ ስለነበር ዋናው ቃል ሳይሰማ ቀርቷል። የሄሊኮፕተሩ የተፈቀደ መንገድና የጄቱ መውረጃ መስመር ደግሞ በወረቀት ላይ ራሱ፣ በጣም በሚቀራረቡበት ቦታ፣ 75 ጫማ ያህል ብቻ ነበር የሚራራቁት። 75 ጫማ 23 ሜትር ነው፤ የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ትንሽ ሲሳሳት የሚያልቅ ርቀት።

መፍትሔው ውድ ዕቃ አይደለም። ሁለቱን ሞገድ የሚያጣምር መሣሪያ አለ፤ በአንዱ የተነገረው በሌላውም እንዲሰማ ያደርጋል። ጣጣው ሁሉም በአንድ ቻናል ሲሰማ ሁለት ሰው እኩል የሚናገርበት ጊዜ መብዛቱ ነው፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አብሮት አንድ ደንብ ይሄዳል፦ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ቃል በቃል ካልደገመ እንዳልተቀበለ ይቆጠራል።

ሕጉም አያግዝም። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 3 ለሲቪል አውሮፕላን ብቻ እንደሚሠራ ይናገራል፤ ወታደራዊው ለሲቪሉ ደኅንነት ተገቢውን ጥንቃቄ ያድርግ ብሎ ያልፈዋል። ጥንቃቄው ምን እንደሆነ የሚወሰነው ታወሩ ከእያንዳንዱ ሠራዊት ጋር በሚፈራረመው ስምምነት ነው። ጥሩ ስምምነት አሰልቺ ነው፤ ጄቶች የሚጠብቁበትን ነጥብ፣ ከፍታውን በጫማ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ማን ለማን በየትኛው ስልክ እንደሚደውል በቁጥር ይጽፋል። ‹‹በመተባበር ይሠራሉ›› የሚል ከበዛበት የተፈራረሙት ሰዎች ታወር ላይ ተቀምጠው አያውቁም ማለት ነው።

ወደ ድሮኑ እንመለስ፤ አምቡሊን የለወጠው እሱ ነው። እነዚህ ድሮኖች ሲነሱና ሲያርፉ የሚነዷቸው እዚያው ሜዳ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱም በሳተላይት የሚመጣ ትእዛዝ ይዘገያል፣ ለማረፍ ደግሞ አንድ ሰከንድም ብዙ ነው። ከፍታ ከያዘ በኋላ ሌላ አህጉር ላለ ቡድን ይተላለፋል። ግንኙነቱ ከተቋረጠ አስቀድሞ በተጻፈለት መንገድና ከፍታ ብቻውን ይሄዳል። ተቆጣጣሪው ‹‹ወደ ግራ ታጠፍ›› ቢለው የሚሰማ የለም፤ ማድረግ የሚችለው ሌሎቹን ከመንገዱ ማራቅ ነው። ሜይ 2011 ላይ አንድ ፕሬዳተር ሚሳይል እንደታጠቀ ለማረፍ ሲመጣ ከማኮብኮቢያው ቀርቶ ከተማው ጫፍ፣ መኖሪያ ሰፈር አጠገብ ወደቀ። ሌሎችም ተከተሉ። በሴፕቴምበር 2013 ድሮኖቹ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ ሻቤሌ ተዛወሩ፤ ፈረንሳዮች ይጠቀሙበት የነበረ በረሃ ውስጥ ያለ ማኮብኮቢያ ነው። በኛ ግምት አምቡሊ ላይ ከተደረገው ሁሉ ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ነው። ስምንት ደቂቃና አራት ደቂቃን በሥልጠና ማስታረቅ አይቻልም፤ መለያየት ነው።

ሰው የያዘው በረራም ቢሆን እዚያ ሰማይ ላይ ቀላል አይደለም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2012 ማታ ወደ አምቡሊ ሲመለስ የነበረ ዩ-28ኤ የሚባል የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ወድቆ አራቱም ሞቱ፤ መርማሪዎቹ የደረሱበት ምክንያት አብራሪዎቹ አውሮፕላኑ ማዘንበሉን ሳያውቁ መቅረታቸው ነበር። ባሕርና በረሃ በሚገናኙበት፣ መብራት በሌለበት ጨለማ፣ ሰማዩ የት እንደሚያልቅ ዓይን መለየት ያቅተዋል። ኤፕሪል 3 ቀን 2018 ደግሞ አንድ ሃሪየር ጄት ሲነሳ እዚያው ኤርፖርት ላይ ተከሰከሰ፤ ፓይለቱ በወንበሩ ተወርውሮ ተረፈ። በዚያው ቀን አንድ የአሜሪካ ሄሊኮፕተር አርታ ላይ ተጎዳ፤ ጅቡቲም የአሜሪካኖቹ በረራ ለጊዜው እንዲቆም አደረገች።

ስለ ሙቀቱ ብዙ ይወራል። ከሰኔ በኋላ ኻምሲን የሚባለው ነፋስ ከምዕራብ ሲነሳ 42 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን ለሞተርና ለክንፍ አምቡሊ ከቦሌ ይሻላል። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በ15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ በ42 ዲግሪ አየሩ የሚሳሳው 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው። ቦሌ ግን 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ቀን ራሱ 3,000 ሜትር እንደሆነ ይቆጠራል። የጅቡቲ ሙቀት የሚጎዳው ፍሬን ነው። ካረፈ በኋላ የጋለ ፍሬን በዚያ አየር ቶሎ አይበርድም። ቸኩሎ ለመነሳት መሮጥ የጀመረ አውሮፕላን መሃል ላይ መነሳቱን አቋርጦ በኃይል ፍሬን ቢይዝ፣ ጎማው እንዳይፈነዳ ተብሎ ጎማ ተሸካሚው ላይ የተገጠመው ቡሽ ይቀልጥና ነፋሱን ያስወጣል። አውሮፕላኑ በተነፈሰ ጎማ እዚያው ይቆማል። ማኮብኮቢያው አንድ ነው ብለናል። ተከታዩ ሁሉ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ወደ ድሬዳዋ፣ ካልሆነ ወደ አዲስ አበባ ይዞራል፤ ድሬዳዋም ብትሆን ከአየር ኃይል ጋር የምትጋራ ናት።

መሬት ላይ ትልቁ ጠላት ጠጠር ነው። የተዋጊ ጄት አየር ማስገቢያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብሎን፣ ሽቦ፣ ጠጠር ያገኘውን ይስባል። ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው መሬት መሬት እያዩ የሚሄዱት ለዚህ ነው። የከባድ ጭነት አውሮፕላን የውጭ ሞተሮቹ ከአስፋልቱ ወጥተው አፈር ላይ ስለሚንጠለጠሉ አሸዋውን መስመሩ ላይ ይነሰንሱታል፤ ከሱ በኋላ ጄት ከማስነሳት በፊት መጥረጊያ መኪና መላክ ነው።

ጥይትና ቦምብ የጫነ አውሮፕላን የሚቆመው ከተርሚናሉ ርቆ፣ አፍንጫውን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ነው። ርቀቱ የሚሰላው በፈንጂው ክብደት ኩብ ሥር ነው። ፈንጂው በግማሽ ቢቀንስ የሚያስፈልገው ርቀት የሚያጥረው በአምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ‹‹ትንሽ ብቻ ነው የምናስቀምጠው›› የሚል መከራከሪያ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ቦታውን ማራቅ እንጂ ክምሩን መቀነስ ብዙ አይረዳም።

የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል። የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ በር ከፍቶ ሰው ማውጣት ነው። ጄት ላይ ወንበሩ ራሱ ሮኬት ስለሆነ የደኅንነት ፒኑ ሳይሰካ ፓይለቱን መጎተት አይቻልም። ኤፍ-16 የሚባለው ተዋጊ ጄት ከመጣ ደግሞ ሞተሩ ቢጠፋ ኃይል የሚሰጥ 25 ሊትር ገደማ ሃይድራዚን ይዞ ነው፤ አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል፣ መርዝ ነው። የሚጠጋው ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ብቻ፣ አየር ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው። የኤርፖርቱ ብርጌድና የሠራዊቶቹ ብርጌዶች አብረው ካልተለማመዱ ይህን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ይሆናል፤ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ሌላው ሊሆን ይችላል።

ለመንገደኛው የሚቀረው ትንሽ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ አውሮፕላኑ ያለ ማብራሪያ ቢቆም አብዛኛውን ጊዜ ቅኝት የሚወጣ ወይም የሚገባ ቡድን እየተጠበቀ ነው፤ ካፒቴኑም ከዚያ በላይ አይነገረውም። አምቡሊ ላይ ከአንድ ሰዓት በታች የሚገናኝ ትኬት አለመቁረጥ ነው። በመስኮት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ስልኩን ከተቀበሉ የሚያጠፉት የጄቱን ፎቶ ብቻ ላይሆን ይችላል።