ጣሪያውን ቀየርኩ፣ ክፈፉን ግን አሳጠርኩ

ደብረ ማርቆስ ያለው የእናቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው። አባቴ በ1978 ዓ.ም. ነው የሠራው። ቋሚውም ማገሩም ባህር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። በ2008 ዓ.ም. ቆርቆሮው ዝጎ ሰማይ ይታይበት ጀመር። ፈቃድ ወስጄ ከአዲስ አበባ ሄድኩና ልቀይረው ተነሳሁ።

ያለኝን ገንዘብ በሙሉ ቆርቆሮው ላይ አዋልኩት። ባለ 28 ጌጁን ገዛሁ። ጌጁ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ብዙ ሰው የሚገዛው ባለ 32 ስስ ነው። በዚህ ምርጫዬ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። የተጸጸትኩት በክፈፉ፣ ከግድግዳው አልፎ በሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ ነው።

የአባቴ ክፈፍ ከግድግዳው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣ ነበር። ጣሪያውን የተሸከሙት የወራጅ እንጨቶች ጫፍ በስብሷል። ወራጅ መቀየር ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ የበሰበሰውን ጫፍ በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩት። ጣሪያውን ከግድግዳው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ አሳልፌ ጨረስኩ። ሁለት ቆርቆሮ ተረፈኝ። ቤቱም ቀጥ ያለ፣ ዘመናዊ ሆኖ ታየኝ። እናቴ ግን ከደጅ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችውና "ልጄ፣ ቤቱ እኮ ነጠላውን የገፈፉት ሰው መሰለ" አለችኝ። አልሰማኋትም።

በሦስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ ስሄድ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበቴ ድረስ ልስኑ ረግፏል። ጭቃው ላይ ጣቴን ብጫነው እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ውስጡ ያለው ማገር እርጥብ ነው፣ ይሸታል። አባቴ ያቆመው ግድግዳ ነው። ሆዴ ባባ።

ዝናቡ እስኪመጣ ጠብቄ ጃንጥላ ይዤ ደጅ ቆምኩ። ጠፈጠፉ ከክፈፉ ወርዶ ከግድግዳው እግር ሥር ነው የሚያርፈው። መሬቱን ሲመታ ጭቃ ይዞ ይነሳና ግድግዳው ላይ ይረጫል። እያንዳንዷ ጠብታ ትንሽ ናት፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ቦታ ላይ ትመታለች። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ዝናቡ ከላይም በቀጥታ ያገኘዋል። ቆርቆሮው አንድም ቦታ አያፈስም። ቤቱ ግን እየፈረሰ ነበር።

የድሮው ሰው ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። የሳር ቤት ክፈፍ ዝቅ ብሎ ግድግዳውን ይጋርደዋል። ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችንን አስቧቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ሕዝቡ የሚጠለለው ከሰፊው ክፈፍ ሥር ነው። ሰው የሚጠለልበት ክፈፍ ግድግዳውንም ያስጠልላል።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልገባሁበትም። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አናጢ ለመንኩ። "አባባ፣ ወራጁን ሙሉ በሙሉ ሳልቀይር ማስረዘም ይቻላል?" አልኳቸው። "ይቻላል፤ ግን የሚወጣው አንድ ከሆነ የሚገባው ሁለት ይሁን" አሉኝ። ማለትም ክፈፉ 70 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ከተፈለገ፣ አዲሱ እንጨት ከአሮጌው ወራጅ ጎን ተጣብቆ ቢያንስ 1 ሜትር ከ40 ወደ ውስጥ መግባት አለበት። አለዚያ ነፋስ ከሥር ሲያነሳው ይነቀላል። እንጨቱን ቅርፊቱን ልጠን አደረቅነው። ቅርፊቱ ካልተላጠ ተባይ ይገባበታል።

የታችኛውን ረድፍ ቆርቆሮ አንስተን አዲሱን ከላይኛው ሥር አስገባነው። 20 ሳንቲ ሜትር አደራረብነው። ከዚያ በወራጆቹ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት የሚመታውን ጣውላ አቆምን። በዚህ ጣውላ ጉዳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል። ግን ከዚያ በኋላ ቀለም አይዝለትም። እኔ ዘይቱን ለተደበቀው እንጨት ተውኩት። የፊቱን ጣውላ ግን ገና ሳልሰቅለው በአራቱም ጎን፣ በጀርባውም ጭምር፣ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት። የተቆረጠው ጫፍ ውሃ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ከተሰቀለ በኋላ ጀርባው አይገኝም፤ መበስበስ የሚጀምረው ደግሞ ከጀርባው ነው።

ቆርቆሮው ከጣውላው በስንት ይለፍ? ሦስት ጣት፣ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር። ካነሰ ውሃው ይመለሳል። ጀበና ቀስ ብላችሁ ስታጋድሉት ቡናው ሲኒው ውስጥ ሳይወርድ በጀበናው አፍ ሥር ተጣብቆ ሲንቆረቆር አይታችኋል አይደል? ከቆርቆሮ ጠርዝም ውሃ እንደዚያው ከሥሩ ተጣብቆ ወደ ጣውላው ይሄዳል። አናጢው በፒንሳ እያንዳንዱን የሞገድ ሸለቆ ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ታች ሰበር አደረጉት። ጠብታው እዚያ ሲደርስ መያዣ አጥቶ ይወድቃል። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ወጪው ዜሮ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው።

ሚስማሩ ሁልጊዜ የሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታል፤ ሸለቆው ውሃ መሄጃ ነው። በጠርዙ ረድፍ ላይ አንድ ጉብታ እየዘለልን መታን፣ ወደ ላይ ሲሄድ አሳሳነው። ነፋስ ጣሪያን የሚገነጥለው ከጠርዙ ጀምሮ ነውና እዚያ ላይ ሚስማር መቆጠብ አያዋጣም። ቆርቆሮውንም በመቀስ ነው የቆረጥነው። መጀመሪያ ጊዜ በግራይንደር ቆርጬው ነበር። ግራይንደሩ ዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ሽፋን ያቃጥለዋል፤ የተፈናጠረው ትኩስ ብረትም ቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የቆረጥኩበት መስመር ሙሉ ቀይ ሆኖ ነበር።

አሸንዳው ሌላ ታሪክ ነው። የጣሪያው አንዱ ፊት 9 ሜትር በ4 ሜትር፣ 36 ካሬ ነው። በአንድ ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 25 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 900 ሊትር፣ 45 ጀሪካን ውሃ በዚያች ጠርዝ ላይ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ሳላሰላ በየ1 ሜትር ተኩሉ አንድ መያዣ አድርጌ ሰቀልኩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በረዶ ጣለ። በረዶው እንደ ውሃ አይፈስም፤ አሸንዳው ውስጥ ይከመራል። መሐሉ ጎበጠና ሁለት መያዣ ጣውላውን ይዞ ወረደ። ደግነቱ ሥሩ ሰው አልነበረም። አሁን መያዣው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ነው። ዝቅታው በየ3 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር። የፊት ከንፈሩ ከኋለኛው ዝቅ ይላል፤ ሞልቶ ቢፈስ ወደ ደጅ እንጂ ወደ ጣውላው አይመለስም። ቱቦው በርሜል ውስጥ ይገባል፤ እናቴ ልብስ ታጥብበታለች። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አታጠራቅምም፤ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው።

አሸንዳ በሌለበት በጎንና በጓሮ በኩል ጠፈጠፉ የሚያርፍበትን መስመር ቆፍረን በጠጠር ሞላነው። ጠጠር ላይ የወደቀ ውሃ ጭቃ አያነሳም።

አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ግንቦት ላይ አሸንዳውን ከባህር ዛፍ ቅጠል አጸዳለሁ። ከመስቀል በዓል በኋላ ጠርዙን አያለሁ። የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ቆርቆሮውን ሲስበውና ሲለቀው ሚስማሩ ብቅ ይላል፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማም ይደርቃል። ብቅ ያለውን መልሶ መምታት አይረባም፤ ቀዳዳው ሰፍቷል። ነቅዬ ወፍራም ባለ ጎማ ብሎን አስገባበታለሁ። እናቴ ወፍ እንዳይገባ በሞገዱና በጣውላው መካከል ያለውን ክፍተት በፌስታል ጠቅጥቃው ነበር። ፌስታሉ እርጥበት ይዞ እንጨቱን አጠቆረው። አውጥቼ በወንፊት ሽቦ ቀየርኩት፤ አየር ይገባል፣ ወፍ አይገባም። መሰላሉን የእህቴ ልጅ ይይዝልኛል፤ ሰው ካልያዘልኝ አልወጣም።

የምዕራቡ ግድግዳ ተለስኖ ደርቋል። ገና ያልሠራሁት በስተ ሰሜን ያለውን የጎን ጠርዝ ነው። እዚያ ቆርቆሮው የሚያልቀው በሞገዱ ሸለቆ ላይ ነው፣ ጫፉም ወደ ላይ ቀና ብሏል። ነፋስ ከሥሩ ይገባል። ላሜራ አጥፌ መሸፈን አለብኝ። ለዚህ ጠርዝ የሚሆነው ጣውላ ተገዝቶ ጓዳ ውስጥ ተደርድሯል፤ እስከ ጥቅምት ይድረቅ ብዬ ነው።