ፔርሙስ፣ ጡጦና ቤርሙዳ፦ የዱቄት ወተት ይዤ በመርከብ

ከባልቲሞር ተነስቶ ቤርሙዳ ደሴት ደርሶ የሚመለሰውን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) የመረጥነው ኤርፖርት ስለሌለበት ነው። ሜሪላንድ ለምንኖር ሰዎች ወደቡ የመኪና መንገድ ነው። ህጻን፣ ጋሪና ያን ሁሉ ወተት ይዞ መርከብ ለመሳፈር ማያሚ ድረስ መብረር ለኔ ዕረፍት አይደለም። ልጄ ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። አብዛኞቹ የክሩዝ ድርጅቶች ከስድስት ወር በታች ያለ ህጻን አይጭኑም። ውቅያኖስ ለሚያቋርጡ ጉዞዎች ደግሞ ዓመት የሞላው ይላሉ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ጡት አላጠባም። ምክንያቱን ለሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ።

መርከብ ላይ ዋናው ጣጣ የፈላ ውሃ ነው። ካቢን ውስጥ የሚግል ዕቃ በአብዛኛው ክልክል ነው፦ የውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ በአንዳንድ መርከቦች የጡጦ ማሞቂያም ጭምር። መግቢያው ላይ ሻንጣ ሲፈተሽ ይወስዱታል። እማዬ የኤሌክትሪክ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ ነበር፤ ከቤት ሳንወጣ አወጣሁባት። “ቡና የሌለበት ዕረፍት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?” ብላ እስከ ወደቡ አኮረፈችኝ።

የዱቄት ወተት ከፋብሪካ ሲወጣ ከጀርም ፍጹም የጸዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቅ ውሃ በጥብጡት የሚለው ለዚህ ነው። የልጄ ሐኪም ግን ለጤነኛ የስምንት ወር ልጅ ንጹህ የመጠጥ ውሃ ይበቃል ብላኛለች። ይበልጥ የሚያሰጋው ከሁለት ወር በታች ለሆኑ፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ህጻናት ነው። እኔ በሙቅ ውሃው ጸናሁ። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ በቀዝቃዛ ልበጥብጥ ብል ማን ያስጥለኛል?

መላው ፔርሙስ ነው፣ ያውም ጥሩ ፔርሙስ። ቡፌው ጋ የሻይ ውሃ የሚቀዳበት ማሽን አለ። መጀመሪያ ትንሽ ቀድቼ ፔርሙሱን አሞቀውና እደፋዋለሁ፣ ከዚያ እስከ አፉ እሞላዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ማታ ቡፌው ከመዘጋቱ በፊት የመሙላቱ ስራ የባለቤቴ ነበር። አንድ ማታ ረሳና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ካቢን ድረስ ሻይ አዘዝን። የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ መጣልን፣ የሻይ ቅጠሉ ሳይነካ አደረ።

መርከቡ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ እስኪጨርስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ መንቀሳቀሱም አይታወቅም። ጉዱ የሚመጣው ክፍት ባሕር ላይ ሲወጣ ነው። ጡጦው ውስጥ ያለው ውሃ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይጋደማል። ስድስት አውንስ የሚለው መስመር የቱ ጋ እንደሆነ እስኪለይ አጎንብሶ በዓይን ትክክል መጠበቅ ነው። ውሃው ቀድሞ፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ ዱቄት። ደግነቱ ዱቄቱን ቤት ሳለሁ ለየጡጦው ለይቼ በትናንሽ ዕቃ ሰፍሬው ነበር። በዚያ ውዝዋዜ፣ በእንቅልፍ ዓይን፣ ልጅ እያለቀሰች ማንኪያ መቁጠር አያዋጣም። ከበጠበጥኩ በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ቧንቧ ስር እያሽከረከርኩ አበርደውና እጄ ላይ ጠብ አድርጌ እሞክረዋለሁ።

ካቢኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፍሪጅ አላመንኳትም። ብዙ ጊዜ ለስላሳ ማቀዝቀዣ ናት። የተበጠበጠ ወተት ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው፤ ውስጧ ያስገባሁት ቴርሞሜትር 9 አሳየኝ። ስለዚህ በጥብጦ ማስቀመጥ ቀረና በምትጠባበት ሰዓት ሁሉ አንድ አንድ ጡጦ መበጥበጥ ሆነ። የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተነካ፣ ልጅ መጥባት ከጀመረች ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። እማዬ “ኧረ ጡር አለው ልጄ!” ትለኛለች፤ እኔ እደፋለሁ።

ጡጦ የማጥበው ከቤት ባመጣሁት በሚታጠፍ ሳፋ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሲንክ ሁሉም እጁን የሚታጠብበት፣ ጥርሱን የሚፍቅበት ነው። የዕቃ ሳሙናና የጡጦ ብሩሽ ከቤት ያዙ። ኖሮቫይረስ የሚባለው የሆድ በሽታ መርከብ ላይ ቶሎ ይዛመታል። በየበሩ የተሰቀለው ሳኒታይዘር ደግሞ ለሱ ብዙም አይረባም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው ያለው።

ቤርሙዳ ወንዝ የላትም። ቤቶቹ ደረጃ ደረጃ የተሰራ ነጭ ጣሪያ አላቸው። ዝናቡ በዚያ ወርዶ ከቤቱ ስር ባለ ታንክ ይጠራቀማል። እማዬ ከደሴቱ ሁሉ በጣም የወደደችው እነዚያን ጣሪያዎች ነው፣ ባሕሩን ዞር ብላም አላየችው። ወደብ ላይ ለምንወርድበት ቀን ግን የማንንም ውሃ አልፈለግኩም። ተበጥብጦ የታሸገውን ፈሳሽ ወተት ይዤ ወረድኩ። ዋጋው ያማል፤ ግን ከፍቶ መስጠት ብቻ ነው። ወደ ዋና ከተማዋ ሃሚልተን በሚሄደው ጀልባ ላይ ልጄ ጋሪዋ ውስጥ እንዳለች ጠጣች። የቤርሙዳ ሰዓት ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ የሷን ሆድ ግን በሜሪላንድ ሰዓት አቆየሁት።

የመርከቡ ሱቅ የህጻን ወተት ይሸጣል ብላችሁ አትሂዱ። የቀኑን ፍጆታ በጉዞው ቀናት አባዙና የሁለት ቀን ጨምሩበት፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር በዚያ መስመር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፣ መርከብ ሊዘገይ ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን ወተትና ዳይፐር በእጅ ቦርሳ ያዙ። ወደቡ ላይ ያስረከባችሁት ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው ሲመሽ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ማታም ሻንጣ በር ላይ አውጡ ትባላላችሁ። ጠዋት ቡፌው መርካቶ ነው፣ የሻይ ማሽኑ ጋ የሚደርስ ጀግና ነው። ለዚያ ጠዋት ሁለት የታሸገ ፈሳሽ ወተት አስቀሩ።